ፕላኔቱ ላይ ማን ቀረ?

ሰው ከሚሠራው ሥራ ይልቅ በሚጫወተው ጨዋታ ይታወቃል ቢባል ያን ያህል ስሕተት አይሆንም። ሥራው ላይ አለቃ አለበት፤ ሕግ አለበት፤ የጎረቤት ዓይን አለበት። ጨዋታ ላይ ግን ማን ይጠይቀዋል? «ተዉት፣ ይጫወት» ይባላል እንጂ። ፈላስፎች የሰውን ግብረ ገብ ለመመርመር ሲሹ ሰውዬውን ከዓይን የሚሰውሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ የአንድ እረኛ ተረት ያነሣል፤ ሰውዬው የጣቱን ቀለበት ሲያዞር ማንም አያየውም። ጥያቄዋ አጭር ናት፦ የማይታይና የማይጠየቅ ሰው ምን ያደርጋል? እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህችኑ ጥያቄ ይዘን የምንቀርበው ወደ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። «ለዚህ ደግሞ ፍልስፍና!» የሚለን አይጠፋም። ይበለን፤ ብቻ ትንሽ ይታገሠን።

ጨዋታው «ማስተር ኦፍ ኦሪዮን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲምቴክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሠርቶት በማይክሮፕሮዝ በኩል ለገበያ ወጣ፤ የንድፉ ዋና ባለቤት ስቲቭ ባርሲያ ነው። ከአብዛኞቹ የዚህች መጽሔት አንባቢዎች በዕድሜ ይበልጣል። ቢሆንም በጠፈር ላይ ኢምፓየር የመገንባት ጨዋታዎች ብዙዎቹ የርሱን መንገድ ተከትለው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ልጆቹን ለማወቅ አባትዮውን መመርመር ይበጃል ብለን መረጥነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 2300 ነው። ተጫዋቹ ከ10 ዘሮች አንዱን መርጦ ንጉሥ ይሆናል። የሰውን ዘር ቢመርጥ በንግድና በዲፕሎማሲ የተዋጣለት ነው። በምርምር የሚበልጡትን ፕሲሎኖች፣ ቶሎ ቶሎ የሚባዙትን ሳክራዎች፣ በእግረኛ ውጊያ የማይቻሉትን ቡልራቲዎች መምረጥም ይችላል። ሲጀምር ያለው አንድ ፕላኔት፣ ሁለት የቅኝት መርከብና አንድ የሰፋሪ መርከብ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። ከዋክብቱ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትነዋል፤ የትኛው ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም። ጨዋታው የሚሄደው በተራ ነው፤ አንድ ተራ አንድ ዓመት ነው። ተጫዋቹ የሚያዝዘውን ሁሉ አዝዞ «ቀጣይ ተራ» የምትለዋን እስኪጫን ድረስ በዚያ ሁሉ ሰማይ ላይ አንዲት መርከብ አትነቃነቅም።

በዚያው በ1993 አለን ኤምሪክ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ «ኮምፒዩተር ጌሚንግ ወርልድ» በተባለ መጽሔት ላይ ስለዚህ ጨዋታ ሲጽፍ የጨዋታውን ጠባይ በአራት ቃላት አሰረው። አራቱም በእንግሊዝኛው የ«ኤክስ» ፊደል ያለባቸው ስለሆኑ «አራት ኤክስ» ተባሉ፤ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሁሉ መጠሪያም ሆነው ቀሩ። ወደ ቋንቋችን ስንመልሳቸው እነዚህ ናቸው፦ ማሰስ፣ መስፋፋት፣ መበዝበዝ፣ መደምሰስ።

ጸሐፊው ቃላቱን የመረጠው በቀልድ ዓይነት ነው፤ በእንግሊዝኛው ላይ እንደ ቅመም ናቸው። አማርኛ ላይ ሲደርሱ ግን መዓዛቸው ይለወጣል። «መበዝበዝ» ከእኛ በፊት በዚህች አገር ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተማሪዎች በሰልፍ ላይ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ያወገዙት ቃል ነው። «መደምሰስ» ደግሞ በሬዲዮ የጦር መግለጫ ሲነበብ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያዳምጠው ቃል ነው። ትርጉም አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል። በሌላ ቋንቋ ለስላሳ የነበረ ነገር በራስ ቋንቋ ሲነገር አጥንቱ ይዳሰሳል።

ፍርዳችን እንዳያጋድል በመጀመሪያ ለጨዋታው የሚገባውን እንስጠው። ማሰስ ደስ ይላል። ያላየኸው ኮከብ ላይ መርከብህ ስትደርስና መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማው ስሜት የሕፃንነት ስሜት ነው። መስፋፋትም ቢሆን ባዶ መሬት ላይ እስከሆነ ድረስ ማንንም አይበድልም፤ በረሓ የነበረው ፕላኔት ሰው ይኖርበታል፤ ምን ክፋት አለው? አስተዳደሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እያንዳንዱ ፕላኔት አምስት ዘንጎች አሉት፦ ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢ ንጽሕና፣ ለምርምር። አንዱን ወደ ቀኝ ስትገፋው ሌላው ወደ ግራ ይሸሻል፤ ለሁሉም የሚበቃ ሀብት የለምና። የፋብሪካውን ቆሻሻ የማያስጠርግ ንጉሥ ሕዝቡ ይመነምንበታል። ፋብሪካ ሠርቶ የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሌለው ንጉሥ በከንቱ ደከመ። ጥሩ ተጫዋች ማለት እንግዲህ ጥሩ ባለ ቤት ማለት ነው፤ ቆጣቢ፣ አርቆ አሳቢ፣ ጓዳውን የሚያውቅ።

ይህን ያነሣነው ለሙገሳ ብቻ አይደለም። ወደፊት የምንነቅፈውን ነገር የሚሠራው ክፉ ሰው ሳይሆን ይኸው ጥሩ ባለ ቤት መሆኑ እንዳይረሳ ብለን ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ቃል እንምጣ። የጎረቤት ዘር የያዘው ለም ፕላኔት አለ እንበል። ንጉሡ ከራሱ ፕላኔቶች ሰው ጭኖ ይልካል፤ የሚልከው በሚሊዮን ነው፤ ቁጥሩን መርጦ አንድ ጊዜ ይጫናል። የተላኩት ሲደርሱ ከነዋሪው ጋር ይገጥማሉ። የሚገጥማቸው የጦር ሠራዊት ብቻ አይደለም፤ የፕላኔቱ ሕዝብ በሙሉ ነው። ውጊያው አንዱ ወገን እስኪያልቅ ይቀጥላል። ወራሪው ካሸነፈ የተረፉት ወራሪዎች የዚያ ፕላኔት ነዋሪ ሆነው ይመዘገባሉ። ፋብሪካዎቹ ባሉበት ይገኛሉ። ከነርሱም ውስጥ የተሸናፊው ዕውቀት ይገኛል፤ «ይህን ይህን ቴክኖሎጂ ማረክን» የሚል የምሥራች ይመጣል።

ታዲያ ፕላኔቱ ላይ ማን ቀረ? ከቀድሞዎቹ አንድም። ተማራኪ የለም። ስደተኛ የለም። አሮጊት የለችም፤ አራስ የለችም፤ «እኔ ገበሬ ነኝ፣ ጦርነቱን አላውቅም» የሚል የለም። በማስተር ኦፍ ኦሪዮን ውስጥ ተገዢ ሕዝብ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ የራስህ ሕዝብ አለ፣ ወይ ባዶ ቦታ አለ። የሚገርመው ደግሞ ጨዋታው ይህን አለመናገሩ ነው። ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ዜሮ ይሆናል፤ ያ ነው በቃ። ጨዋታው በዚህ መንገድ የተሠራው በጭካኔ ነው አንልም። ለሒሳብ ስለሚቀል ነው የሚመስለን። አንዱን ዘር ብቻ መቁጠር ሁለት ዘር በአንድ ላይ ከመቁጠር ይቀላል። የምንመረምረውም ይህንኑ ቅለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ብዙ ክርክር ሲደረግ ሰምተናል። ተከራካሪዎቹ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ።

የመጀመሪያው ወገን «እንዴ! ቁጥር ነው እኮ የገደልነው። ማን ሞተ? የማን እናት አለቀሰች?» ይላል። እውነት ነው፤ ማንም አልሞተም። በደል የሚባል ነገር ተበዳይ ይፈልጋል፤ እዚህ ተበዳይ የለም። ሰንጠረዥ ሲጫወት ንጉሥ የማረከ ሰው በአገር ክህደት አይከሰስም። ገበጣ ላይ የሌላውን ቤት ጠጠር የሰበሰበ ሌባ አይባልም። ይህን የሚክድ ሰው ጨዋታ ምን እንደሆነ አልገባውም።

ሁለተኛው ወገን «ልማድ ክፉ ነው፤ በጨዋታ የለመደ በእውን ይደግመዋል» ይላል። ካንት በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው በሰው ላይም ልቡ ይደነድናል ብሎ ያስተማረው ትምህርት ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ነገር ግን እንስሳው ይሰማዋል፤ ይጮኻል። ጩኸቱን ሰምቶ ያለፈ ሰው ልቡን አደንድኗል ማለት እንችላለን። የጨዋታው ፕላኔት ግን ምንም አይጮኽም። ተጫዋቹ ያደነደነው ልብ የለም፤ ልቡ መጀመሪያውኑ አልተጠራም። በዚህ የተነሣ የሁለተኛውን ወገን ክስም እንደ ቀረበልን አንቀበለውም። ኢምፓየር ሠርተው ያደሩ፣ ጠዋት ደግሞ ቁርሳቸውን ከጓደኛ ጋር ተካፍለው የሚበሉ ደጋግ ልጆችን እናውቃለንና።

እኛ የምንለው ሦስተኛ ነው። ጨዋታው ሰውን ጨካኝ አያደርግም። ጨካኝ ያልሆነ ሰው እንዴት አድርጎ ትልቅ ግፍ ሊሠራ እንደሚችል ግን በግልጽ ያሳያል። ለዚያ የሚያስፈልገው ክፋት አይደለም፤ ወንበር ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ፣ ከታች ግን ማንም የማያየው ወንበር፤ ሰው ወደ ቁጥር ተለውጦ የሚቀርብበት ጠረጴዛ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገፋ ዘንግ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው የፕላቶ እረኛ ነው። የቀለበቱ ተንኮል ግን እዚህ ላይ ተገልብጧል። እረኛው ሌሎቹን ያያቸዋል፤ እነርሱ ናቸው የማያዩት። በዚህ ወንበር ላይ ያለው ግን እርሱም አያያቸውም። መሰወሩ የሁለት ወገን ሆነ።

«በተራ» የሚለው ቃል ራሱ ሊጤን ይገባዋል። እጅ የፈጠነበት በሚያሸንፍበት ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ ማመካኛ አለው፤ «ጊዜ አልነበረኝም፣ ደነገጥኩ» ሊል ይችላል። በተራ በሚሄደው ግን ይህ የለም። ሻይ አፍልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመልሶ መወሰን ይችላል፤ ጋላክሲው ይጠብቀዋል። እዚያ የሚደረገው ሁሉ ታስቦበት፣ ተሰልቶበት፣ ደም ሳይፈላ ነው። ሕግ በግልፍታ የተፈጸመውን ግድያ ታስቦበት ከተፈጸመው የሚለየው በከንቱ አይደለም፤ የኋለኛው ይከብዳል።

ስለ ተራ ካነሣን ዘንድ የአገራችን ሰንጠረዥ አንድ የሚያስደንቅ ደንብ ነበረው። በጥንቱ የኢትዮጵያ አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እጅ እየቀደመ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። ተራ የሚጀምረው መጀመሪያ አንዱ ከሌላው ሲበላ ነው። ለእኛ እንደሚታየን ትርጉሙ ይኼ ነው፦ ማንም ባልተነካበት ጊዜ መሽቀዳደም ይፈቀዳል፤ አንድ ነገር ከጠፋ በኋላ ግን ሰው እጁን ሰብስቦ ተራውን ይጠብቅ፣ ያስብበት። የመጀመሪያው ጥፋት የማሰቢያ ጊዜን ይወልዳል ማለት ነው። በማስተር ኦፍ ኦሪዮን ውስጥ ማሰቢያ ጊዜው ሞልቷል፤ የጠፋው የሚታሰብለት ሰው ነው።

«ግን እኮ ጨዋታው ሰላማዊ መንገድም አለው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። አለው፤ ልንደብቀው አንፈልግም። በየ25 ዓመቱ የጋላክሲው ሸንጎ ይሰበሰባል፤ ከድምፁ ሁለት ሦስተኛውን ያገኘ ንጉሥ የጋላክሲው ሁሉ መሪ ይሆናል። ያለ አንዲት ጥይት ማሸነፍ ይቻላል። ይሁንና የየዘሩ ድምፅ የሚቆጠረው በሕዝቡ ብዛት ነው። ብዙ ድምፅ የሚሻ ብዙ ሕዝብ ይሻል፤ ብዙ ሕዝብ የሚሻ ብዙ ፕላኔት ይሻል፤ ፕላኔቱ ደግሞ በአብዛኛው ተይዟል። የተሸነፈውም ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ ከሁሉም ጋር ሊዋጋ ይችላል። ሰላሙ እውነተኛ ሰላም ነው፤ የቆመው ግን በዚያው በቆጠራው ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነው፤ እርሱም ሕሊና በጨዋታው ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። ጨዋታው ውስጥ ሕዝቡን ብቻ የሚገድሉ፣ ፋብሪካውን የማይነኩ የጦር መሣሪያዎች አሉ፤ አንዱ የሞት ብናኝ የሚባል ከመርከብ የሚረጭ ነው። ይህን የተጠቀመ ንጉሥ በሌሎቹ ዘሮች ዘንድ ይጠላል። ሠሪዎቹ ነውር መሆኑን ያውቃሉ ማለት ነው፤ ዝም ብለው አላለፉትም። ግን ነውሩን በምን ገለጡት? በዋጋ። ወዳጅነት ይቀንሳል፤ ውል ይፈርሳል። ንጉሡ እንግዲህ ያሰላል፦ «ስንት ወዳጅ አጣለሁ? ፕላኔቱ ስንት ያወጣል?» ካዋጣው ያደርገዋል። ካላዋጣው ይተወዋል፤ የተወው ግን ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ውድ ስለሆነበት ነው።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ዋጋ ያለውን ነገርና ክብር ያለውን ነገር ለይቷል። ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ክብር ያለው ምትክ የለውም። ሰውን መሣሪያ ብቻ አድርጎ መያዝ የተከለከለውም በዚህ ነው። በደል በዋጋ ሲተመን ከ«አይደረግም» ወደ «ይወደዳል» ይወርዳል። «ይወደዳል» ደግሞ ገንዘብ ያለውን ሰው አያቆመውም።

ይህ የጨዋታ ወግ ብቻ ቢሆን ባላተትን። ከላይ የሚረጨውን የሞት ብናኝ ግን የዚህች አገር ሰው በቆዳው ያውቀዋል። ኢጣሊያ በመርዝ ጋዝ ላለመጠቀም የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማለች፤ በ1928ም አጽድቃዋለች። ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ ግን (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሰናፍጭ ጋዝ በቦምብ፣ በኋላም ከአውሮፕላን እየተረጨ በኢትዮጵያ ሰው፣ ከብትና ውኃ ላይ ወረደ። ከዚያ በፊት ወረራው ራሱ የመንግሥታቱን ማኅበር አስቆጥቶ ነበር፤ ኅዳር 18 ቀን 1935 በኢጣሊያ ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተጣለ። ማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ ዘይት አልገባም። የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከብ አልተዘጋም። ሰኔ 30 ቀን 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው ስለ ጋዙ ተናገሩ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ። እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል ይኸው ነው፦ ግፉ ዋጋ ተተመነለት፤ ሙሶሊኒ ዋጋውን አየው፤ ሊከፍለው እንደሚችል አወቀ፤ ከፈለው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ይህን ታሪክ አስበው ሠሩት አንልም። ግን የዓለምን አሠራር በትክክል ቀድተውታል።

እዚህ ላይ ሲደረስ ብዙዎቻችን ደረታችንን እንነፋለን። «እኛማ የተወረርነው ነን፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሌሎች ናቸው» እንላለን። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ምቹ ስለሆነ አደገኛ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የዛሬዋ ኢትዮጵያ ካርታ ሲሠራ «አገር ማቅናት» የሚል ቃል ነበረን። ቀና የተባለው ሕዝብ በበኩሉ ነገሩን የሚጠራበት ሌላ ቃል አለው። ያንን ቃል መስማት ያስከፋናል፤ ምክንያቱም ወንበሩ ላይ እኛም ተቀምጠን እንደነበረ ይነግረናል።

ሩቅ እንዳንሄድ አንድ የቅርብ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1986 ባለው ጊዜ፣ በረሃቡ ዘመን፣ ደርግ 600,000 ያህል ሰው በብዛት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። የዕቅዱ ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲታይ የጥሩ ባለ ቤት ሐሳብ ነው፦ እዚህ መሬቱ ደክሟል፣ ሰው በዝቷል፤ እዚያ መሬት አለ፣ ሰው ያንሳል። ዘንጉን ከዚህ ወደዚያ ግፋ። በተግባር ግን ብዙው ሰው በግድ ተጫነ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያየ፤ በጉዞና በሠፈራ ጣቢያ በወባና በሌላ በሽታ ብዙ ሰው አለቀ። «ሰው ያንሳል» የተባለው አገርም ባዶ አልነበረም። መተከል ውስጥ ፓዌ ላይ ጉሙዞች ይኖሩ ነበር፤ ያ ጫካ ለነርሱ ማደኛ፣ ማረሻና መቃብር ነበር። በዕቅዱ ሠንጠረዥ ላይ ግን አልተቆጠሩም። እዚያ የተቆረቆሩት መንደሮች ስም እንኳ አላገኙም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው «የት ነው አገርህ?» ሲባል «መንደር 7» ብሎ የሚመልስበት ቦታ ነው።

ይህን ዕቅድ ካወጡት መካከል ጭራቆች ብቻ ነበሩ ብለን ብናምን ልባችን ያርፍ ነበር። ግን አይደለም። የተማሩ ሰዎች ነበሩበት፤ ካርታ ማንበብ፣ ሔክታር ማስላት፣ ሪፖርት ማዘጋጀት የሚያውቁ፤ እንደ እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የወጡ፤ አንዳንዶቹም ለተራበው ሰው ከልባቸው ያዘኑ። የጎደላቸው ደግነት አልነበረም። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ወረቀት አንድ ዓምድ ጎድሎት ነበር። ያ ዓምድ «እዚያ ማን አለ? ምንስ ይላል?» የሚል ነው።

ጉዳዩ የእኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከዚህ ግቢ የምንወጣው ሁሉ መትረየስ አንይዝም፤ ዘንግ ግን እንይዛለን። አንዱ በጀት ቢሮ፣ አንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዱ ፕላንና ልማት፣ አንዱ ደግሞ መንገድ ሥራ ይገባል። አስፋልት እንዲያልፍ የሚነሣ ሠፈር፣ ለኢንዱስትሪ የሚከለል የእርሻ መሬት በፊታችን ላይ በቁጥር ይመጣል፤ «ተነሺ አባወራ ይህን ያህል» ተብሎ። ጊዜም ይኖረናል፤ ተራ ነውና። ሻይ ጠጥተን ተመልሰን እንፈርማለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጨዋታውን እንተወው? አይመስለንም። ሰው ዓይኑን ስለጨፈነ ወንበሩ አይጠፋም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሁለተኛው ማስተር ኦፍ ኦሪዮን አንድ ነገር አሻሽሏል። በርሱ ውስጥ ሕዝቡ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ትንንሽ ሰዎች ሆኖ ተሥሏል፤ ንጉሡ አንድ በአንድ አንሥቶ ወደ እርሻ፣ ወደ ፋብሪካ ወይም ወደ ምርምር ያስቀምጣቸዋል። የተያዘ ፕላኔት ሕዝብም አይጠፋም። ይቀራል፤ ያኮርፋል፤ ሊያምጽም ይችላል፤ በብዙ ተራ ውስጥ፣ እንደ መንግሥቱ ዓይነት በፍጥነት ወይም በዝግታ፣ ቀስ በቀስ ከገዢው ጋር ይዋሐዳል። «መዋሐድ» ራሱ የማን ቃል እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚዋሐደው ሁልጊዜ የተሸነፈው ነውና። ቢሆንም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። «ፕላኔቱ ላይ ማን ቀረ?» ለሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ጨዋታ መልስ የለም፤ በሁለተኛው አለ። መልስ ያለው ጥያቄ ደግሞ ንጉሡን ያስቸግረዋል፤ ሒሳቡን ያወሳስብበታል፤ አንዳንዴም እጁን ይይዘዋል።

የደረስንበት ይኼ ነው። በጨዋታ የተደመሰሰ ፕላኔት ኃጢአት አይደለም፤ ማንንም አልበደለምና። ኃጢአት የሚሆነው በጨዋታው የለመድነውን ቅለት የዓለም ጠባይ አድርገን ስንወስደው ነው። ሰው በባሕርዩ ለመቁጠር አያመችም። አንድ ሠንጠረዥ በጣም ከቀለለልን፣ ዘንጉ ያለ ምንም ግርግር ወደ ቀኝ ከሄደልን፣ ያን ጊዜ ደስ ሊለን አይገባም፤ የጎደለ ሰው አለ ብለን መጠርጠር ይገባናል። ከአንድ ሥልጡን ሰው የሚጠበቀው ትንሹ ግዴታ ይኸው ጥርጣሬ ነው ባዮች ነን። ጥርጣሬው ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ተነሥቶ ሄዶ መጠየቅን ይጠይቃል። ሄዶ የጠየቀ ባለሥልጣን ደግሞ ሥራው ይዘገይበታል፤ ምናልባትም ተራውን ለሌላ ይለቅ ይሆናል። ያም ቢሆን ይሁን።

«እናንተ ደግሞ ከጨዋታ ተነሥታችሁ አገር ገባችሁ» የሚለን ካለ፣ ወይም ከላይ ያቀረብነው ሦስተኛ መንገድ ከመጀመሪያው ወገን ብዙም አይለይም ብሎ የሚሞግተን ካለ፣ የዚህች መጽሔት ገጽ ክፍት ነው። ብዕሩን ያንሣ።